ወይንን ማን አስተማረ? ከቤተ ልሔም እስከ ዝዋይ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይንና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የሚያቋርጠው የጤፍና የስንዴ አገር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤተ ክርስቲያን የሌለው ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ደግሞ ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ቤተ ልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች። የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገረው፣ ዘቢቡም ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው እዚያ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ከወይን ፍሬ ጋር ሳይቋረጥ የኖረ አንድ ተቋም ቢኖር ይህ ነው።

ሆኖም ዘቢቡ በአብዛኛው የሚገዛው ከሱቅ ነው፤ ለሱቁም የሚመጣለት ከባሕር ማዶ ነው። ወይንን በመሠዊያው ላይ ከ1,600 ዓመት በላይ ያኖረ ሕዝብ ፍሬውን ከሌላ አገር ገበሬ ይገዛል። ምክንያቱን በአፈርና በአየር ጠባይ ማሳበብ አይቻልም፤ መርቲና ዝዋይ ላይ ወይን አፍርቷል፣ ተጠምቋል፣ በጠርሙስ ታሽጎ ተሽጧል። ምክንያቱ የሚገኘው ዕውቀቱን ይዘው በኖሩት ቤቶች ታሪክ ውስጥ ነው። ወይን በአገራችን በየዘመኑ ባለቤት አግኝቷል፤ ትምህርት ቤት ግን አላገኘም። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ቤቶች አንድ በአንድ እየተከተለ፣ በመጨረሻ ለግንደወይንና ለአካባቢው ገበሬ ምን እንደሚጎድል ይናገራል።

የአክሱም ውርስ

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሶርያ ሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ጠጅ ይጠቅሳል። መጠኑ ብዙ እንዳልነበረም ይናገራል። እንግዲህ በመጀመሪያ የምናውቀው ወይን የነጋዴና የቤተ መንግሥት ሸቀጥ ነበር።

ነገሩ ግን ከንግድ አልፏል። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች የወይን ዘር ተገኝቷል። ከነገሥታቱ መቃብሮች በአንዱ የተገኘው የዝሆን ጥርስ ቅርጽም የወይን ሐረግ እየተጠማዘዘ የሚወጣበት ነው። በከተማዋ አካባቢ ከአለት የተፈለፈሉ ገንዳዎች ስላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች የወይን መጭመቂያ ነበሩ ይላሉ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ወይን ሌላ ሥራ አገኘ። ከግብዣ ማዕድ ወደ ቅዳሴ ገባ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት ሁሉ ማግኘቱ ግዴታ ሆነ።

ሁለት ቤት ብቻ

በፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ዘቢብ ለቁርባን እንዴት እንደሚዘጋጅ ሲገልጽ፣ ውኃ ውስጥ ለ10 ቀን ያህል ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ በጨርቅ እንደሚጨመቅ ይናገራል። ዛሬ ዘቢቡ የሚቆይበት ጊዜ ቢያጥርም የአሠራሩ መሠረት ያው ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የአልቫሬዝ ምስክርነት ሌላ ነው። ከወይን ፍሬ የሚጣል ጠጅ በግልጽ የሚገኘው በሁለት ቤት ብቻ እንደነበር መዝግቧል፦ በንጉሡ ቤትና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት። ሌላው ሰው ቢያዘጋጅ እንኳ በስውር ነበር። ይህች አጭር ምስክርነት የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ ትገልጣለች። ወይን የክብር መጠጥ ነበር፤ ክብሩም እንዳይስፋፋ አጠረው።

ከማር ጠጅ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ጠጅም በቤተ መንግሥት የተከበረ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጌሾው በጓሮ ይበቅላል፣ ማሩ ከገበሬው ቀፎ ይቆረጣል፣ አጣጣሉን ልጅ ከእናቷ ትማራለች። በጎጃም ጠጅ መጣል የሚችል ሰው ፍለጋ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ወይን ግን በቤተሰብ በኩል የሚወርድ ሙያ ስላልሆነ፣ የባለቤቱ ቤት ሲፈርስ ሙያውም አብሮ ይጠፋል።

የምሥራቅ ጎጃም ልዩ ሁኔታ እዚህ ላይ ይታሰብልኝ ይላል። አካባቢው ከአገሪቱ የታወቁ የትምህርት ማዕከላት አንዱ ነው። በቢቸና አጠገብ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መዲና ነው። መርጡለ ማርያምን ንግሥት እሌኒ አሠርታዋለች፤ አልቫሬዝም ንግሥቲቱ በጎጃም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራቷን ሰምቶ ጽፏል። ደብረ ወርቅ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስም ሊቃውንት የተቀመጡባቸው ናቸው። የቆሎ ተማሪው ከሩቅ አገር በእግሩ እየመጣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት ይሸጋገር ነበር። ደረጃው የታወቀ፣ መምህሩ የተመሰከረለት፣ የተማረውም በቃሉ የሚፈተን ነበር። እውነተኛ ተቋም ማለት ይህ ነው፤ መምህሩ ቢሞት ተማሪው ወንበሩን ይወርሳል፣ ትምህርቱ አይቋረጥም።

እርሻ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቤት አልተሠራለትም። ገዳማት አትክልት ተክለዋል፣ መነኮሳትም በእጃቸው አርሰዋል፤ ሙያው የሚተላለፈው ግን አብሮ በመሥራት ነበር። ደረጃም መምህርም አልተመደበለትም። ቅኔን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ጥብቅ ሥርዓት የወይንን ገረዛና የችግኙን ዝግጅት አላሻገረም። በዚህ አካባቢ ማስተማር እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። የጎደለው ይህን የማስተማር ብርታት ለምድሩ ፍሬ ማዋል ነው።

ከጎጃም ማዶ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወይን የተሻለ ዕድል ያገኘበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስና ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች በይፋግና በአካባቢው ወይን እንደሚበቅል ጽፈዋል። ለጎንደር ቤተ መንግሥትና ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቅርብ የሆነ ቦታ በመሆኑ ገዢ አላጣም። ዛሬ ግን ይፋግ በወይን እርሻ አይታወቅም። ገበያው የነገሥታት ከተማ ነበረና ከተማዋ ስትዳከም እርሻውን ደግፎ የሚያቆይ ሌላ ኃይል አልነበረም።

ሌላው ዓለም በመከራ የተማረው

የወይን ትምህርት በአውሮፓም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ተቋም አይደለም። ለብዙ ምዕት ዓመታት እዚያም ዕውቀቱ በገዳምና በመኳንንት ርስት ተዘግቶ ኖሯል። የከፈተው መቅሠፍት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአሜሪካ የመጣች ፊሎክሴራ የምትባል ትንሽ ነፍሳት የወይኑን ሥር እየመጠጠች የፈረንሳይን እርሻ ማድረቅ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1868 የሞንፔሊዬው የዕፀዋት ሊቅ ዡል ኤሚል ፕላንሾንና ባልደረቦቹ ጠላቲቱን ለዩአት። መድኃኒቱም ነፍሳቷን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአውሮፓን ወይን መክተብ ሆነ።

ይሁንና መፍትሔው ቢታወቅም በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ መክተብን መማር ነበረበት። ትምህርት ቤቶቹ የተወለዱት በዚህ ጊዜ ነው። በፈረንሳይ የሞንፔሊዬ የእርሻ ትምህርት ቤትና በጀርመን የጋይዘንሃይም ተቋም ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1872 ተከፈቱ። በኢጣሊያ የኮኔሊያኖ የወይን ትምህርት ቤት በ1876 ተከተለ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ1880 የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ወይን እንዲመራመርና እንዲያስተምር ወሰነ፤ ይህ ሥራ በኋላ በዴቪስ ከተማ የታወቀው የወይን ትምህርት ክፍል ሆነ።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ተቋም አድጓል። በጀርመን አር ሸለቆ ውስጥ የማይሾስ መንደር ድሆች ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1868 ፍሬያቸውን በጋራ ለመጭመቅና በጋራ ለመሸጥ ማኅበር መሠረቱ። ብቻውን መጭመቂያና በርሜል መግዛት የማይችል ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ከነጋዴ ተጽዕኖ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በፈረንሳይ ደቡብ የማሮሳን ገበሬዎች በ1901 ተመሳሳይ ማኅበር አቋቋሙ። ስለዚህ የወይን ተቋም በዓለም ላይ ሁለት እግር አለው፦ ሳይንሱን የሚያስተምረው ቤትና ንግዱን በጋራ የሚሠራው ቤት። አንዱ ሲጎድል ሌላው አይራመድም።

አዋሽ፦ ፋብሪካው ቀድሞ መጣ

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ታሪክ የጀመረው ከፋብሪካ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከኢጣሊያ ወረራ ማግስት በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ልደታና መካኒሳ የሚገኙት ፋብሪካዎቹ ለከተማው ሰው ጉደርን፣ አክሱሚትን፣ ከሚላንና አዋሽ ክሪስታልን አስተዋወቁ። ጉደር ቀዩ፣ አክሱሚት ጣፋጩ፣ ክሪስታል ነጩ ሆነው በሠርግ ድንኳንና በበዓል ማዕድ ላይ ከቢራና ከጠጅ ጎን ተቀመጡ። ብዙ ኢትዮጵያዊ የወይን ጠጅን ጣዕም ያወቀው በእነዚህ ጠርሙሶች ነው።

ፍሬውን ለማግኘት ወይን በጉደርና በአርሲ መርቲ ጀጁ ተተከለ። የመርቲው እርሻ የአዋሽ ወንዝን መስኖ የሚጠጣ ቆላማ ቦታ ላይ ነው። ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. ትልልቅ ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ አዋሽም የመንግሥት ሆነ፤ ለአርባ ዓመት ገደማም እንዲሁ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤይት ማይልስ የተባለው የአፍሪካ ኢንቨስትመንት ፈንድ ከኢትዮጵያዊው ባለሀብት ከሙሉጌታ ተስፋኪሮስ ጋር ሆኖ ገዛው። ከፈንዱ መሥራቾች አንዱ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ለኢትዮጵያ እርዳታ ያሰባሰበው የሙዚቃ ሰው ቦብ ጌልዶፍ ነው።

አዋሽ ለአገሩ ያበረከተውን ማሳነስ አይገባም። ከሰባት አስርት ዓመት በላይ በሦስት ሥርዓተ መንግሥት ውስጥ ሳይዘጋ ማለፍ ለማንኛውም ፋብሪካ ትልቅ ገድል ነው። ጠማቂዎችን፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞችንና ገራዦችን አፍርቷል። ግን ፋብሪካ በተፈጥሮው የሚያሠለጥነው ለራሱ ነው። በመርቲ መግረዝ የተማረ ሠራተኛ ዕውቀቱን ይዞ የሚሄድበት ሌላ ማሳ አልነበረውም፤ በአካባቢው ያለ ገበሬም ወይን ተክሎ ለፋብሪካው የሚያስረክብበት ሥርዓት አልተዘረጋም። ፋብሪካው የራሱ እርሻ ነበረው፣ ገበሬው የራሱ ጤፍ ነበረው፤ ሁለቱ አልተገናኙም።

ሳይንሱ በሌላ ግቢ

ሳይንሱ ደግሞ በሌላ ግቢ አደገ። የዓለማያ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት ተወለደ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት በጅማ ነበር። ለኮሌጁ የሚያገለግለው የደብረ ዘይት የእርሻ ሙከራ ጣቢያ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1958 ዓ.ም. የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተመሥርቶ በሆለታ፣ በመልካ ወረር፣ በባኮ፣ በጅማና በኋላም በመልካሳ ማዕከሎችን ከፈተ።

ከእነዚህ መካከል ወይንን በተለይ የተንከባከበው ደብረ ዘይት ነው። ከውጭ የመጡ ዝርያዎች በጣቢያው ተተክለው ምርታቸውና ጣዕማቸው ተመዝኗል። ሆኖም አገሪቱ በረሃብ ስትፈተን የምርምሩ ገንዘብና ጊዜ ለጤፍ፣ ለስንዴ፣ ለበቆሎና ለቡና ቅድሚያ መስጠቱ ትክክልም ግድም ነበር። ወይን በጣቢያ ውስጥ የቀረ ተክል ሆነ። ተመራማሪው ውጤቱን ይጽፋል፣ ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ከዚያ ወጥቶ ገበሬ ጋ የሚያደርሰው የወይን ባለሙያ የለም። በአንድ በኩል ትምህርት ቤት የሌለው ፋብሪካ፣ በሌላ በኩል ገበያ የሌለው ምርምር ጎን ለጎን ኖሩ።

ዝዋይ፦ የቀረበው ማስረጃ

በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ወይን መትከል ጀመረ። ካስቴል ቢጂአይ በተባለው ድርጅቱ በኩል የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ስለነበር ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ ዝርያዎችን ከፈረንሳይ አምጥቶ ከ100 ሄክታር በላይ መሬት ላይ ተከለ። እርሻውን ከጉማሬና ከዘንዶ ለመጠበቅ ዙሪያውን ሰፊ ቦይ አስቆፈረ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ስምጥ ሸለቆና አካሺያ በሚሉ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጡ፤ በዚያው ዓመት 1.2 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ መመረቱና ከፊሉ ለውጭ ገበያ መታሰቡ ተነገረ።

ዝዋይ አንድ ትልቅ ጥርጣሬ አስወግዷል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ባለ፣ አሸዋማና ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ላይ፣ በመስኖ የታገዘ የኢትዮጵያ ወይን የውጭ ጠጪ ፊት መቅረብ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ የኢንቨስትመንት ድል ነው። ዕውቀቱ ግን አሁንም በአንድ ኩባንያ አጥር ውስጥ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ገበሬ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሊገባ ይችላል፣ ባለ ወይን ማሳ ሆኖ ግን አልወጣም። አልቫሬዝ ካያቸው ሁለት ቤቶች ወዲህ የባለቤቶቹ ማንነት ተለውጧል፤ ሥርዓቱ ግን ብዙ አልተለወጠም።

ለግንደወይን ገበሬ የሚያስፈልገው ትምህርት

ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው አምባ ተነሥቶ በሰሜን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። አንድ ወረዳ ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይገኛሉ። ለወይን ይህ ሀብት ነው፤ ዝርያንና ቦታን ማጣጣም የሚችል ሰው እስካለ ድረስ። ይህን ሰው የሚያፈራ ትምህርት ቢያንስ አምስት ነገር ማስተማር አለበት።

የመጀመሪያው አፈር ነው። ከቢቸና ጀምሮ ሰፊው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ጤፍ ይችለዋል፤ ወይን ግን ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ይታፈናል። ስለዚህ የወይን ቦታ ሜዳው ሳይሆን ድንጋያማው ተዳፋት ነው። ለጤፍ የማይመች፣ ለእህል የሰነፈ መሬት ለወይን ሊበጅ መቻሉ ትልቅ ተስፋ አለው፤ ከምግብ እህል ጋር መሬት ሳይሻማ ሊተከል ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓመቱ አቆጣጠር ነው። በአውሮፓ ወይን በክረምቱ ብርድ ይተኛል፣ በጸደይ ይነቃል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ባለች ግንደወይን ያ የብርድ እንቅልፍ የለም። ወይኑ ዓመቱን ሙሉ ማደግ ስለሚፈልግ እንቡጡ ያለ ሥርዓት ይፈነዳል። ዕረፍቱን የሚሰጠው ገበሬው ነው፤ ውኃ በመቀነስ፣ ከዚያም በመግረዝ። በሕንድ ማሃራሽትራ ያሉ ወይን አምራቾች በዓመት ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ፤ በሚያዝያ አካባቢ ለቅርንጫፉ ጥንካሬ፣ በጥቅምት አካባቢ ለፍሬው። የሁለተኛው ገረዛ ፍሬ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ይበስላል። ለጎጃም የሚመቸው ሥርዓትም ከዚህ ሐሳብ መነሣት አለበት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት የተገረዘ ወይን ፍሬው በበጋው ፀሐይ ይደርሳል፤ ለዚህ ግን መስኖ ያስፈልጋል፤ በደጋው በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርደውን ውርጭም መጠንቀቅ ያሻል።

ሦስተኛው በሽታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለወይን ክፉ ወራት ናቸው። ቅጠሉን እንደ ዱቄት የሚያለብሰውና ከቅጠሉ ሥር የሚበቅለው ሁለት ዓይነት ሻጋታ በእርጥበት ይስፋፋሉ። ድኝ ለመጀመሪያው፣ የመዳብ ውህድ ለሁለተኛው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቁ መከላከያዎች ናቸው። ነገር ግን መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን መጠን እንደሚረጩ የሚወስነው በአካባቢው የተመዘገበ የዝናብና የበሽታ ታሪክ ነው። ያ መዝገብ ከውጭ አይገዛም፤ በቦታው የሚኖር ተቋም ብቻ ሊያጠራቅመው ይችላል።

አራተኛው የፍሬው መለኪያ ነው። ወይን የሚቆረጠው መልኩ ታይቶ ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ተለክቶ ነው። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ በአንድ ጠብታ ጭማቂ ይህን ይናገራል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ 12 በመቶ የሚፈልግ ጠማቂ 204 ግራም ገደማ ያለው ጭማቂ ይሻል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ገበሬ ዋጋ ሲጠየቅ በነጋዴው ግምት አያድርም።

አምስተኛው ሒሳቡ ነው። በ2.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2,666 ወይን ይይዛል፤ ሩብ ሄክታር ማሳ ደግሞ 666 ያህል። እያንዳንዱ 3 ኪሎ ቢያፈራ 20 ኩንታል ገደማ ይገኛል። ግን ወይን የሚታይ ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ችግኝ፣ ምሰሶና ሽቦ በቅድሚያ ይገዛሉ። አንዴ ከቆመ ከ25 ዓመት በላይ ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ ይህ ሥራ የመሬት ይዞታ ዋስትናን፣ ትዕግሥት ያለው ብድርንና ሰላምን ይጠይቃል። የአማራ ክልል ያለበት ግጭት ለዓመታት የሚታሰብን ተክል ሁሉ የሚጎዳ መሆኑን ሳይናገሩ ስለ ወይን መጻፍ አይቻልም።

ከየት ይጀመር?

የመጀመሪያው ገበያ የወይን ጠጅ መሆን የለበትም። ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ይበላሻል፤ ጠመቃም ካፒታልና ጥብቅ ንጽሕና ይፈልጋል። ለሞጣ፣ ለቢቸና፣ ለደብረ ማርቆስና ለባሕር ዳር ገበያ የሚቀርብ ትኩስ ወይን ይቀላል። ከዚያም በላይ ዘቢብ አለ። አራት ኪሎ ያህል ወይን አንድ ኪሎ ዘቢብ ይሰጣል፤ የጎጃም በጋ ደግሞ ለማድረቅ የተመቸ ነው። ገዢው በየቀበሌው ይገኛል፤ የሚገዛውም ዓመት ሙሉ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ለመቅደሳቸው የሚሆነውን ከምእመናኖቻቸው እጅ ቢገዙ፣ ለገበሬው የተረጋገጠ ገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንም ምንጩን የምታውቀው ንጹሕ ፍሬ ይሆናል።

የትምህርቱ ቤት ከባዶ አይነሣም። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ የልማት ሠራተኞችም ተመድበውለታል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በባሕር ዳር፣ የአደት ምርምር ማዕከል በቅርብ ርቀት ይገኛሉ። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ተማሪዎችን ያስመርቃሉ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ገበሬዎች በጋራ እንዲሸጡና እንዲያቀነባብሩ መንገድ ከፍቷል። የታንዛኒያ ዶዶማ ገበሬዎች በሚሲዮናውያን የገባላቸውን ወይን ይዘው፣ በማኩቱፖራ ምርምር ጣቢያ እየታገዙ ዶዶማን የአገራቸው ዋና የወይን አካባቢ ማድረግ ችለዋል። በሞቃት አገር፣ በትንሽ ማሳ፣ በገበሬ እጅ ወይን ማልማት የተፈተነ ነገር ነው።

የሚቀረው እነዚህን በአንድ ሥራ ላይ ማገናኘት ነው። አንድ የማሠልጠኛ ማዕከል በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሩብ ሄክታር ተዳፋት ይዞ ስድስት ወይም ሰባት ዝርያ ይትከል። ዝርያዎቹን ደብረ ዘይት ይስጥ፤ የገረዛ ሥልጠናውን የመርቲና የዝዋይ ልምድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይስጡ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዎቻቸውን ለመመረቂያ ጥናት ወደዚያ ይላኩ። በየሳምንቱ የዘነበው፣ የታየው በሽታ፣ የተረጨው፣ የተቆረጠው፣ የተሸጠበት ዋጋ በመዝገብ ይስፈር። መዝገቡ ለማንም ገበሬ ክፍት ይሁን፤ ያልተሳካውም ከተሳካው እኩል ይጻፍ። በአራተኛው ዓመት ጥሩ የገረዘ ገበሬ ሌላውን ያስተምር፤ ለማስተማሩም ይከፈለው።

ወይን ከዚህ ቀደም የንጉሥ፣ የጳጳስ፣ የመንግሥትና የኩባንያ ሆኖ ኖሯል። ሁሉም ተክለውታል፣ አንዳቸውም ግን ለገበሬው አላወረሱትም። ለጎንቻ ገበሬ ችግኝ ከመስጠት በፊት የሚያውቅ ሰውና የማይዘጋ ትምህርት ቤት መስጠት ይቀድማል። ችግኝ በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል፤ ከአርባና ሃምሳ ገበሬዎች እጅ የገባ ሙያ ግን ባለሀብት ሲለወጥና መንግሥት ሲያልፍ አይጠፋም።